ማይክሮአርኤንኤን ከሩዝ ቅጠል ላይ ማንበብ፦ ከደሴ ጠረጴዛ እስከ ኮምቦልቻ ጓሮ

የሩዝ ቅጠል ከታች ሕፃን ነው፣ ከላይ ሽማግሌ። ይህን የያዘ ሰው የዚህን መመሪያ ግማሽ ጨርሷል። የጤፍም የበቆሎም የስንዴም ቅጠል እንዲሁ ነው፤ የሣር ዘመዶች ሁሉ ህዋስ የሚያራቡት ከቅጠላቸው ግርጌ ነው። አዲሱ ህዋስ ከታች ሲወለድ ቀዳሚውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ጫፉ የቆየው ነው፣ ግርጌው ደግሞ ዛሬ ጠዋት የተወለደ ሊሆን ይችላል። አንድ ቅጠል ከታች ወደ ላይ ቆራርጣችሁ ብትደረድሩት የዕድገቱን ታሪክ በተራ ታገኛላችሁ።

ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ የሚመጡ ልጆች አሉ። ማይክሮአርኤንኤ ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ እሱ እኮ ማሽን ይፈልጋል። እኛ ጋ አይሠራም።» ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን በምላጭ፣ በማስመሪያ፣ በእስክሪብቶና በአንድ ላፕቶፕ የሚሠራ ነው። እዚህ የምጽፈው ከልጆቹ ጋር ስንሳሳትና ስንታረም የደረስንበትን አካሄድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ነገሩ ምንድን ነው?

ጂን ሲሠራ በዲኤንኤው ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ መልእክተኛ አርኤንኤ ይገለበጣል። መልእክተኛው ከኒውክለስ ይወጣና ፕሮቲን ይሠራበታል። ማይክሮአርኤንኤ ግን ፕሮቲን አይሠራባትም። ከ20 እስከ 24 ፊደል ያላት፣ አብዛኛውን ጊዜ 21 የሆነች ቁራጭ ናት። ሥራዋ የሚገጥማትን መልእክተኛ ፈልጋ ማስቆረጥ ነው። ደብዳቤው ሳይነበብ ተቀደደ ማለት ነው።

አመራረቷ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ረጅም አርኤንኤ ይገለበጣል። እሱ በራሱ ላይ ታጥፎ ይጣበቃል። ዲሲኤል1 የሚባል ኢንዛይም እዚያው ኒውክለስ ውስጥ ይከረክመውና አጭር ጥንድ ያወጣል። ሄን1 የተባለ ሌላ ኢንዛይም የጥንዶቹ ጫፍ ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ምልክት ይለጥፋል፤ ያለዚያ ህዋሱ ቶሎ ይበላቸዋል። ከጥንዶቹ አንዷ አርጎኖት1 የሚባል ፕሮቲን ውስጥ ትገባለች። መቀሱ አርጎኖት ነው። ማይክሮአርኤንኤ የት እንደሚቆረጥ የምትጠቁም ጣት ናት። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ፣ መቀሱም ራሱ ከቁጥጥር አያመልጥም፦ ሚር168 የምትባለው ማይክሮአርኤንኤ የአርጎኖት1ን መልእክት ታስቆርጣለች፣ ሚር162 ደግሞ የዲሲኤል1ን።

ግኝቱ የመጣው ከተክል አይደለም። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአንዲት ትንሽ ትል ላይ አገኙት፤ በ2024 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ተክል ላይ መኖሩ የታወቀው በ2002 ነው።

እርምጃ 1፦ አንድ ጥያቄ ምረጡ፣ አንድ ብቻ

የልጆች ጽሑፍ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። «የማይክሮአርኤንኤ ሚና በሩዝ» የሚል ርዕስ ይዘው ይመጣሉ። ይሄ ርዕስ አይደለም፣ ገበያ ነው። ከሚከተሉት አንዷን ያዙ።

ሚር166። ይህችን ለማስረዳት እንጀራ አነሣለሁ። እንጀራ ዓይን ያለው ገጽ አለው፣ ለስላሳ ጀርባም አለው። ቅጠልም ገጽና ጀርባው ይለያያል። ገጹን ገጽ የሚያደርጉት ኤችዲ-ዚፕ 3 የሚባሉ ጂኖች ናቸው። ሚር166 በጀርባ በኩል በዝታ የእነዚህን መልእክት ታስቆርጣለች፤ ስለዚህ ገጽነት ወደ ጀርባ አያልፍም። ሩዝ ላይ ሚር166ን የቀነሱ ተመራማሪዎች በ2018 ያወጡት ውጤት ደስ ይላል፦ ቅጠሉ ተጠቀለለ፣ ተክሉ ደግሞ ድርቅ ቻለ። የቅጠሉን መዘርጋትና መጠቅለል የሚወስኑት ውሃ ቋጥረው የሚያብጡት ትልልቅ ህዋሶች አንሰው ነበር።

ሚር396። ይህች የጂአርኤፍ ጂኖችን ትይዛለች። ጂአርኤፍ ህዋስ እንዲራባ ይገፋፋል። ስለዚህ ግርጌ ላይ፣ ህዋስ በሚወለድበት፣ ጂአርኤፍ ብዙ፣ ሚር396 ጥቂት ይሆናሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ወደ ጫፍ ስትሄዱ ይገለበጣል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም፤ ምክንያቱም የግርጌና የጫፍ ልዩነት ላይ የቆመ ስለሆነ ቅጠሉን ቆርጦ ማየት ይቻላል። ነገሩ ከቅጠልም ያልፋል። አንደኛው የሩዝ ጂአርኤፍ፣ ጂአርኤፍ4፣ ሚር396 የምትይዘው ቦታ ላይ 2 ፊደል ሲቀየርበት ፍሬው ይተልቃል።

ሚር319 ቲሲፒ የሚባሉትን ጂኖች ትቆጣጠራለች። ሩዝ ላይ ስትበዛ ቅጠሉ ይሰፋል፣ የጅማቶቹም ቁጥር ይጨምራል። ሚር156 በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ላይ ትበዛለች፣ ተክሉ ሲጎለምስ ትቀንሳለች፤ ሚር172 በተቃራኒው ትነሣለች። ሚር390 ጠምዘዝ ያለች ናት፦ መጀመሪያ ሌላ አርኤንኤ ታስቆርጣለች፣ ከቁራጩ ሌሎች ትናንሽ አርኤንኤዎች ይወለዳሉ፣ እነሱ ደግሞ ኦክሲን ከሚባለው የዕድገት ሆርሞን ጋር የሚሠሩትን ኤአርኤፍ የተባሉ ጂኖች ያስቆርጣሉ። ይህ መንገድ ጨርሶ ሲዘጋ ሩዙ ገና ፅንስ እያለ ቡቃያ ማውጣት ያቅተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ሚር390ን እለፏት።

እኔ ከዚህ በኋላ ሚር396ን ይዤ እሄዳለሁ።

እርምጃ 2፦ ዝሩ፣ ግን ደሴ ላይ አይደለም

መጀመሪያ የዘራነው ደሴ ነው፣ ከቤቴ በረንዳ ላይ። በቀለ። ሁለተኛውን ቅጠል አወጣ። ከዚያ ቆመ። ቢጫ ሆነ፣ ጫፉ ደረቀ፣ እኔም ማዳበሪያ ጨመርኩበት፣ ባሰበት። ችግሩ ማዳበሪያ አልነበረም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ለሩዝ አይሆንም። ሩዝ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያገኝ ይወዳል፤ ከ15 በታች ሲወርድ ይቆረቁዛል። ለእኛ ጥናት ደግሞ ይህ መቆርቆዝ ብቻ አይደለም። ብርድ ራሱ የማይክሮአርኤንኤን መጠን ይለውጣል። ስለዚህ ዕድገት እለካለሁ ብላችሁ ብርድ ትለካላችሁ።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሌላ ዓለም ነው። ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ፣ ሩዝ በስፋት ከሚመረትበት ከፎገራ ሜዳ ጋር ተቀራራቢ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ጓሮ ውስጥ ስድስት የቀለም ባልዲ ደረደርን። የሰፈሩ ልጆች ሽንኩርት መስሏቸው ነበር።

ዘሩን ከአንድ ቦታ፣ አንድ ዝርያ ብቻ ውሰዱ። ከፎገራ የሚመጣው ኤክስ-ጅግና ይሆናል፣ ኔሪካ-4ም ይሆናል፤ ኔሪካ-4 ውሃ የተኛበት ማሳ ስለማይፈልግ ለባልዲ ይመቻል። ዘሩን ለብ ባለ ውሃ 24 ሰዓት ዘፍዝፉት። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ሞቃት ቦታ አስቀምጡት፣ ልክ ብቅል እንደሚደረገው። ነጭ ጫፍ ሲያወጣ ወደ አፈር አዛውሩ። ባልዲው ሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። በአንድ ባልዲ ከ8 በላይ አትትከሉ፤ ጥላ የበዛበት ቅጠል ሌላ ዓይነት ቅጠል ነው።

የተተከለበትን ቀን ባልዲው ላይ ጻፉ። በማርከር ከሆነ ፀሐይ ያጠፋዋል፣ በሚስማር ጫሩት።

እርምጃ 3፦ እስኪያድግ ድረስ በእስክሪብቶ ሥሩ

አምስተኛው ቅጠል እስኪወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ አላችሁ። ይህን ጊዜ አታባክኑ። ማይክሮአርኤንኤ እንዴት እንደምትገጥም በእጅ ያልሠራ ሰው ኮምፒውተሩ የሰጠውን ሁሉ ያምናል።

ለልምምድ ሚር156ን እንውሰድ፣ 20 ፊደል ስለሆነች ትመቻለች። ኤ፣ ዩ፣ ጂ እና ሲ የአርኤንኤ አራቱ ፊደላት ናቸው። ኤ ከዩ፣ ጂ ከሲ ይገጥማሉ። ሁለት የወረቀት ቁራጭ ቁረጡ። በላይኛው ላይ ሚር156ን ከመነሻዋ ጀምራችሁ ጻፉ፦

ዩ-ጂ-ኤ-ሲ-ኤ  ጂ-ኤ-ኤ-ጂ-ኤ  ጂ-ኤ-ጂ-ዩ-ጂ  ኤ-ጂ-ሲ-ኤ-ሲ

በታችኛው ላይ ሚር156 የምታስቆርጣቸው፣ ኤስፒኤል የተባሉት ጂኖች መልእክት ውስጥ እሷ የምትይዘውን ቦታ ጻፉ። ሁለቱ የሚገጥሙት ራስና እግር ሆነው ነው፤ ስለዚህ የታችኛውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጣችሁ ትጽፉታላችሁ፦

ኤ-ሲ-ዩ-ጂ-ዩ  ሲ-ዩ-ዩ-ሲ-ዩ  ሲ-ዩ-ሲ-ዩ-ሲ  ዩ-ሲ-ጂ-ዩ-ጂ

አሁን አንድ በአንድ በጣታችሁ እየነካችሁ ሂዱ። ይህን ከሁለት ተማሪዎች ጋር ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሠርተነዋል። አንዷ ልጅ መሃል ላይ ቆመች። «ቲቸር፣ 14ኛዋ አትገጥምም። ዩ ከዩ ጋር ነው።» ልክ ናት። ከ20 ፊደል 19ኙ ይገጥማሉ፣ 14ኛዋ አትገጥምም፤ ሆኖም መቀሱ ይቆርጣል። ተክል ላይ ግጥሚያው እንዲህ የጠበቀ ነው። እንስሳት ላይ ግን ከ2ኛ እስከ 8ኛ ያሉት ፊደላት መግጠማቸው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለሰው ወይም ለአይጥ የተሠራ የዒላማ መፈለጊያ ፕሮግራም ሩዝ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። ይህን ስህተት በየዓመቱ አያለሁ።

ቀጥሎ ከላይኛው ወረቀት መነሻ 10 ቁጠሩ። በ10ኛዋና በ11ኛዋ መካከል በምላጭ የታችኛውን ወረቀት ቁረጡ። አርጎኖት የሚቆርጠው እዚያ ነው፣ እዚያው ብቻ። በዚህ ምሳሌ መሃል ለመሃል ይወድቃል፣ ግራና ቀኝ 10 ፊደል። ቁራጩን ደብተራችሁ ላይ ለጥፉት። እርምጃ 7 ላይ እንመለስበታለን።

ይህ የወረቀት ጨዋታ የሚመስል ነገር ማሳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ካልታያችሁ፣ በ2010 የወጣውን የኤስፒኤል14 ጉዳይ አስቡ። እዚህች የግጥሚያ ቦታ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የተቀየረበት ሩዝ ተገኘ። ሚር156 እንደ በፊቱ ልትይዘው አልቻለችም። ተክሉ የጎን ቡቃያው አነሰ፣ አገዳው ወፈረ፣ ዛላው ብዙ ፍሬ ያዘ።

እርምጃ 4፦ ላፕቶፑን ክፈቱ

የሩዝ ሙሉ ጂኖም ተጠናቆ የወጣው በ2005 ነው፣ ኒፖንባሬ ከተባለው ዝርያ። 12 ክሮሞሶም አለው፤ መጠኑ ከስንዴ ጋር ሲተያይ ትንሽ ስለሆነ 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይችለዋል።

መጀመሪያ ሚርቤዝ የተባለውን የመረጃ ቋት ግቡና የሩዝን ዝርዝር አውርዱ። የሩዝ ማይክሮአርኤንኤዎች ስማቸው «ኦሳ» በሚል ይጀምራል። ከ700 በላይ ታገኛላችሁ። አትደንግጡ፣ ሁሉንም ግን አትመኑ። ብዙዎቹ ማስረጃቸው ሳሳ ያለ ነው። እንደ 156፣ 166፣ 319፣ 396 ያሉት ከሌሎች ተክሎችም ጋር የሚጋሩት ግን የተረጋገጡ ናቸው።

ቀጥሎ ሌሎች ያነበቡትን የሩዝ ቅጠል ትናንሽ አርኤንኤ መረጃ ከአሜሪካው የኤንሲቢአይ ቋት አውርዱ። በነፃ ነው። አንድ ፋይል መቶዎች ሜጋ ባይት ሊሆን ይችላል፤ ሌሊት ላይ አውርዱ፣ ቀን ላይ ኔትወርኩ ያናድዳችኋል። መረጃው ከየትኛው ቅጠል፣ በስንተኛ ቀኑ፣ ከየትኛው የቅጠል ክፍል እንደተወሰደ መግለጫውን አንብቡ። «ቅጠል» ብቻ የሚል ከሆነ ተዉት። ግርጌና ጫፍ አንድ ላይ የተፈጨ ቅጠል ለእኛ ጥያቄ አይጠቅምም።

ከዚያ አራት ሥራ አለ። በከትአዳፕት ፕሮግራም አዳፕተሩን፣ ማለትም ለማንበብ ሲባል ጫፍ ላይ የተቀጠለውን ቁራጭ፣ ቆርጣችሁ ጣሉ። የቀሩትን በርዝመት ቁጠሩ። ቦውታይ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ከጂኖሙ ጋር አጋጥሙ። በመጨረሻም እያንዳንዷ ማይክሮአርኤንኤ ስንት ጊዜ እንደተነበበች ቁጠሩ።

በርዝመት መቁጠሩን እንዳትዘሉት። ጤነኛ የሩዝ ቅጠል መረጃ ሁለት ጉብታ አለው፦ አንዱ 21 ላይ፣ አንዱ 24 ላይ። የ21ኛው ውስጥ ማይክሮአርኤንኤዎቹ አሉ፤ የ24ኛው በአብዛኛው ሌላ ሥራ ያላቸው ትናንሽ አርኤንኤዎች ናቸው፣ ዲኤንኤው ላይ ምልክት እየለጠፉ ጂን ዝም የሚያሰኙ። ጉብታ ከሌለና ከ15 እስከ 30 ሜዳ ከሆነ፣ ያ አርኤንኤ ሲደርስ ተበጣጥሶ ነበር ማለት ነው። ፋይሉን ዝጉና ሌላ ፈልጉ።

ቁጥሮቹን ሳታስተካክሉ አታወዳድሩ። ከ12 ሚሊዮን ንባብ 600 ጊዜ የተገኘችና ከ6 ሚሊዮን 600 ጊዜ የተገኘች እኩል አይደሉም። በሚሊዮን ስንት ብላችሁ ስታሰሉ የመጀመሪያዋ 50፣ ሁለተኛዋ 100 ትሆናለች።

ዒላማ ለመፈለግ ለተክል የተሠራውን ፒኤስአርኤንኤ-ታርጌት ተጠቀሙ። ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ግጥሚያው የተሻለ ነው። ዝርዝሩ ይረዝማል። ዝርዝሩ ውስጥ መኖር ማስረጃ አይደለም፤ ጥርጣሬ ነው።

እርምጃ 5፦ ቅጠሉን መቁረጥ

አሁን ኮምቦልቻ ነን። ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው፣ ሰውም ከሁሉም በላይ የሚንቀው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ቁጠሩ። ሦስት ተማሪ አንድ ተክል ሰጥቼ «ስንተኛ ቅጠል ነው?» ብላቸው ሦስት የተለያየ መልስ ሰጡኝ። ምክንያቱ የሩዝ የመጀመሪያዋ ቅጠል ዘርጋ ያለ አካል የላትም፤ ግንዱን የምትሸፍን ሰገባ ብቻ ናት። አንዱ ይቆጥራታል፣ ሌላው አያያትም። እኛ እንቆጥራታለን። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ሦስተኛዋ ቅጠል እንደወጣች አንገቷ ላይ ቀይ ክር እሰሩ፣ ላላ አድርጋችሁ። ቅጠሎች ግራ ቀኝ እያሉ በሁለት ረድፍ ስለሚወጡ፣ ከክሩ ወዲያ ማዶ አራተኛዋ ናት፣ ከክሩ በላይ በዚያው ወገን አምስተኛዋ።

የምንቆርጠው አምስተኛዋን ነው፣ ግማሽዋ ከአራተኛዋ ሰገባ ስትወጣ፣ ገና ስታድግ። አድጋ የጨረሰች ቅጠል ግርጌዋም ሽማግሌ ነው።

ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ቁረጡ። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ብዙ የተክል ጂኖች ከቀኑ ሰዓት ጋር ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ ቆርጣችሁ ብታወዳድሩ የምታገኙት የፀሐይን ታሪክ ነው።

ተክሉን ከነሥሩ ንቀሉ። በበረዶ ላይ ያስቀመጣችሁት ንጹሕ ሳህን ላይ አጋድሙት። የውጭውን ሰገባ በጥፍር ጫፍ ከላይ ወደ ታች ሰንጥቃችሁ ግለጡ፣ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ እንደሚገለጠው። ከዚያ ሁለተኛውን። ውስጥ ያለው ለስላሳ ነው፣ ሲነኩት ይሰበራል። ቀለሙን ተመልከቱ፦ ታች ነጭ፣ ከፍ ሲል ፈዛዛ ቢጫ፣ ከዚያ ቀስ እያለ አረንጓዴ። ይህ የቀለም ለውጥ ብቻውን ዕድሜውን ይነግራችኋል። ነጩ ገና አረንጓዴ ቀለም መሥራት አልጀመረም።

ማስመሪያ አስጠጉ። ከታች ከ0 እስከ 1 ሴንቲሜትር አንድ ቁራጭ፣ ህዋስ የሚራባበት። ከ1 እስከ 3 ሌላ፣ ህዋስ የሚረዝምበት። ከ3 እስከ 5 አንድ። ከጫፉ 2 ሴንቲሜትር አንድ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ምላጭ ወይም በአልኮል የተጠረገ ምላጭ። ከማስመሪያው ጎን ፎቶ አንሱ፤ ዓይናችሁ በሦስተኛው ቀን ይዋሻል፣ ፎቶው አይዋሽም።

የአንድ ተክል 1 ሴንቲሜትር ግርጌ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ የ10 ተክል ግርጌ በአንድ ቱቦ ሰብስቡ። ይህ አንድ ናሙና ነው። ሌላ 10 ተክል፣ ሁለተኛ ናሙና። ሌላ 10፣ ሦስተኛ። አንዱን ቱቦ ለሦስት ከፍሎ «ሦስት ድግግሞሽ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ካላችሁ ወዲያው ንከሩት። ከሌላችሁ አርኤንኤ ጠባቂ ፈሳሽ ውስጥ ጣሉት፤ ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጠጣዋል። አንድ ጊዜ በፍሪጅ ተማምነን ናሙናዎቹን እንዲሁ አስቀመጥናቸው። መብራት ሄደ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልመጣም። የሁለት ወር ሥራ ውሃ በላው። ከዚያ ወዲህ ፈሳሹ ሳይኖር ምላጭ አናነሣም።

እርምጃ 6፦ ላብራቶሪ

እዚህ ደረጃ ላይ ጂን የሚያባዛና የሚለካ ማሽን ያለው ላብራቶሪ ያስፈልጋችኋል። ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። የአሠራሩን ዝርዝር የላቡ ሰው ያሳያችኋል፤ እኔ ሰው የሚወድቅባቸውን ሦስት ጉድጓዶች ልጠቁም።

አንደኛ፣ አርኤንኤ ማውጫው። አርኤንኤን በማጣሪያ አምድ የሚያወጡ ብዙ ኪቶች ከ200 ፊደል በታች የሆነውን አጥበው ይጥሉታል። ማይክሮአርኤንኤ 21 ፊደል ናት። ኪቱ ትናንሽ አርኤንኤ ይይዛል የሚል ካልተጻፈበት አትጠቀሙት፤ ወይም ትራይዞል በሚባለው አርኤንኤ ማውጫ ፈሳሽ ሥሩ። ትራይዞል ፌኖል አለበት፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንትና ጭስ መሳቢያ የግድ ነው። ጓንቱ እናንተን ብቻ ሳይሆን አርኤንኤውንም ከእናንተ ይጠብቃል፤ እጃችን ላይ አርኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም ሞልቷል።

ሁለተኛ፣ ግልባጩ፤ ማሽኑ እንዲያባዛው አርኤንኤው ወደ ዲኤንኤ የሚገለበጥበት። ለተራ ጂን የሚሠራው፣ የመልእክተኛውን የኤ ጭራ የሚይዘው ፕራይመር (ግልባጩ የሚነሣበት አጭር ቁራጭ) ማይክሮአርኤንኤን አይዝም፤ ጭራ የላትማ። ለእሷ የታጠፈ ፕራይመር አለ። ጫፉ ላይ ያሉት 6 ፊደላት የማይክሮአርኤንኤዋን መጨረሻ ይይዛሉ፣ ቀሪው ደግሞ ያረዝማታል። ለጂአርኤፍ ግን ተራው ይበቃል። ስለዚህ ከአንድ አርኤንኤ ሁለት ዓይነት ግልባጭ ትሠራላችሁ።

ሦስተኛ፣ ማመሳከሪያው። ለማይክሮአርኤንኤ ብዙ ጊዜ ዩ6 የሚባለው አርኤንኤ ነው። ከግርጌ እስከ ጫፍ መጠኑ እንደማይለዋወጥ መጀመሪያ አረጋግጡ።

ስሌቱን በምሳሌ ልየው፣ ቁጥሮቹ ለመለማመጃ ብቻ ናቸው። ግርጌ ላይ ሚር396 በማሽኑ 27ኛ የማባዛት ዙር ታየች፣ ዩ6 በ20ኛው፤ ልዩነት 7። ጫፍ ላይ ሚር396 በ24ኛው፣ ዩ6 በ20ኛው፤ ልዩነት 4። ከ7 ላይ 4 ሲቀነስ 3። በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን 2 ሦስት ጊዜ ይባዛል፣ 8። ሚር396 ጫፍ ላይ ከግርጌው 8 እጥፍ ናት ማለት ነው። ዙሩ ያነሰው ብዙ ያለው መሆኑን አትርሱ፤ ልጆች ገልብጠው ይጽፉታል።

እርምጃ 7፦ ውጤቱን ማንበብ

ሁለት መስመር ሣሉ፣ የሚር396ንና የጂአርኤፍን፣ ከግርጌ ወደ ጫፍ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ደስ ይላል። ግን ገና አልተረጋገጠም። ጂአርኤፍ ጫፍ ላይ የቀነሰው መጻፉ ስለቆመ ሊሆን ይችላል፣ ማንም ሳይቆርጠው።

ሁለቱም አብረው ከወጡስ? ይህም ያጋጥማል፣ ስህተት ሠራችሁ ማለት አይደለም። ማይክሮአርኤንኤ ብዙ ጊዜ ማጥፊያ ሳትሆን ልክ አስያዥ ናት፣ ወጥ ሲበዛበት እሳት እንደሚቀንስ ሰው። ደግሞም 1 ሴንቲሜትር ቁራጭ ውስጥ ገጽም ጀርባም ጅማትም አንድ ላይ ተፈጭተዋል። ሁለቱ በአንድ ቁራጭ ውስጥ፣ ግን በተለያየ ህዋስ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ሚር166ን ለመረጣችሁ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ የእሷ ነገር የገጽና የጀርባ ነው፣ በማስመሪያ አይለይም።

መቆረጡን ለማረጋገጥ ወደ ደብተሩ የወረቀት ቁራጭ እንመለስ። መቀሱ ከቆረጠ የተረፈው የታችኛው ቁራጭ የሚጀምረው በትክክል 10ኛዋና 11ኛዋ ፊደል መካከል ነው። ሬስ በሚባለው ዘዴ የቁራጩን መነሻ ማንበብ ይቻላል። ካነበባችኋቸው ቁራጮች አብዛኞቹ ከዚያች ነጥብ ከጀመሩ ማስረጃ ይዛችኋል። በየቦታው ከተበተኑ፣ አርኤንኤው በራሱ ጊዜ ያረጀ ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ተክሉን መቀየር ነው፦ ማይክሮአርኤንኤዋን በውሸት ዒላማ መጥመድ፣ ወይም ጂኗን ክሪስፐር በሚባለው የጂን መቁረጫ ዘዴ ማበላሸት፣ ወይም የግጥሚያውን ቦታ መቀየር። ይህ የሩዝ ህዋስ በብልቃጥ የሚያሳድግ ላብና ብዙ ወራት ይጠይቃል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አትሞክሩት። ሌሎች የሠሩትን አንብባችሁ ከእናንተ መስመር ጋር አስተያዩ።

ከቁርጥራጩ የተረፉ ተክሎች ባልዲው ውስጥ ካሉ አትንቀሏቸው። ሚር166ን ለሚቀጥለው ዓመት ያሰባችሁ፣ ከሁሉም ባልዲዎች አንዱን ውሃ ንፈጉትና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጎኑ ተቀመጡ። በኮምቦልቻ ፀሐይ የቅጠሉ ጠርዞች ወደ ላይ ታጥፈው መገናኘት ይጀምራሉ፣ እነዚያ ውሃ ቋጣሪ ህዋሶች ስለሚሟሽሹ። ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረና ስንተኛዋ ቅጠል ቀድማ እንደተጠቀለለች ጻፉ።